ምስክሩ ሐሰተኛ መሆኑን ያወቀ ጠበቃ ምን ያድርግ?

በመንዝ አንድ ገበሬ የእርሻ ወሰን ክርክር አለበት። ምስክሩ ቃሉን ሰጥቶ ከወረደ በኋላ ገበሬው ለጠበቃው «ወሰኑ ሲካለል ሰውዬው አልነበረም፤ ያስጠናሁት እኔ ነኝ» ይለዋል። ፍርድ ገና አልተሰጠም። በዚህ ላይ አንድ አንጋፋ የደብረ ብርሃን ጠበቃና አንዲት የመሐል ሜዳ ጠበቃ ተከራክረዋል።

የደብረ ብርሃኑ፦ ዝም ይበል። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 399 በሙያው ያወቀውን ሚስጥር የሚያወጣ ጠበቃን ይቀጣል። ገበሬው ቢሮዬ ገብቶ ጓዳውን የሚገልጥልኝ ከእኔ እንደማይወጣ አምኖ ነው። ዛሬ አንዱን አሳልፌ ብሰጥ፣ ነገ የሚመጣው ግማሹን ይደብቀኛል። ምስክር መመዘን የዳኛው ሥራ ነው፤ ተቃራኒው ወገንም መስቀለኛ ጥያቄ አለው።

የመሐል ሜዳዋ፦ ጋሼ፣ መስቀለኛ ጥያቄ የሚጠቅመው መጠየቅ ለሚያውቅ ነው። ያኛዋ ወገን ማመልከቻዋን በሰው አስጽፋ ብቻዋን የቆመች ባሏ የሞተባት ሴት ብትሆንስ? «አንተ የት ቆመህ ነበር? ችካሉን ማን ተከለ? ከላይ በኩል የማን ማሳ ነው?» ማለት እንዳለባት ማን ይነግራታል? በእነዚህ ሦስት ጥያቄዎች ሐሰተኛ ምስክር ይፈርሳል፤ ካልተጠየቀ ግን መሬቷ ይሄዳል። የጠበቆች ሥነ ምግባር ደንብ ሚስጥር እንድንጠብቅ ብቻ ሳይሆን ፍርድ ቤትን እንዳናሳስትም ያዛል። እኔ ሚስጥሩን ይዘርግፈው አላልኩም። መጀመሪያ ደንበኛውን ቁጭ አድርጎ ምስክሩን እንዲተው ይምከረው። እምቢ ካለ ውክልናውን ይመልስ።

የደብረ ብርሃኑ፦ ይመልስና? ገበሬው በሳምንቱ ሌላ ጠበቃ ይይዛል፤ ለአዲሱ ደግሞ ምንም አይነግረውም። ያው ምስክርነት ምንም በማያውቅ ሰው አፍ ይከበራል። እኔ ከቆየሁ ቢያንስ ልመልሰው እሞክራለሁ።

የመሐል ሜዳዋ፦ ይቆዩ እንበል። የክርክር ማቆሚያው፣ ማለትም የመጨረሻው የጽሑፍ ማጠቃለያ ላይ «ምስክራችን እንዳረጋገጠው» ብለው ይጽፋሉ? እዚያ ላይ የሚፈርሙት እርስዎ ነዎት። ያን ጊዜ ሚስጥር መጠበቁ ቀርቶ ውሸቱ የራስዎ ይሆናል።

የደብረ ብርሃኑ፦ እሱንስ አልጽፍም። የዚያን ምስክር ቃል ሳልጠቅስ በሌላው ማስረጃ እከራከራለሁ።

የመሐል ሜዳዋ፦ ዳኛው ግን የሰሙትን መዝግበዋል። እርስዎ ባይጠቅሱትም ፍርዱ በዚያ ቃል ላይ ሊቆም ይችላል። ለዚህ ነው እኔ ከመዝገቡ የምወጣው።