ፋብሪካዎቹስ የት ሄዱ?

በደርግ ጊዜ በየከተማው ስለነበረው የመስከረም 2 የአብዮት በዓል ሰልፍ የጻፋችሁት ጥሩ ነው። ግን ወታደርና ቀበሌ ብቻ ሆነሳ! የክፍለ ሀገር ከተማ ሰልፍ ድምቀቱ ፋብሪካው ነበር። ባሕር ዳርን ውሰዱ። በጣሊያን የጦር ካሳ የተሠራው ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሠራተኞች መፈክር ይዘው ሲያልፉ፣ ግማሹ ከተሜ በዓይኑ ዘመዱን ይፈልጋል። ምርት የጫነ መኪናም ይከተላል። ዛሬ ቢሆን ማስታወቂያ ነው። ያኔ ግን ገበያ ለመሳብ ሳይሆን ዕቅድ መሳካቱን ለማሳየት ነበር፤ ትልልቆቹ ድርጅቶች በ1967 በመንግሥት ተወርሰው የለ! ባለሱቁማ ምኑን ያሳያል? ሱቁን ዘግቶ ከቀበሌው ጋር ይሰለፋል። ወዶ ነው እንዳትሉኝ፣ ስም ይጠራል። የቀረ ሰው በቀበሌው ኅብረት ሱቅ በራሽን የሚሸጠው ስኳር እንዳማረው ሊቀር ይችላል።