ዛሬም «ከመጀመሪያው»?

በቃ! ትናንት ማታ ትዕግሥቴ ተሟጠጠ። የኳየራችን ዝግጅት ሊደርስ ስምንት ቀን ቀርቶታል። ከአልቶዎቹ (ወፈር ያለውን የሴት ድምፅ ከሚዘፍኑት) አንዷ እጇን አወጣችና «ይቺ ዘፈን አዲስ ናት እንዴ?» አትልም! አዲስ? ከጥምቀት ማግስት ጀምሮ የምንለማመዳት ዘፈን!

ቆይ፣ ቤት ውስጥ አንዴ መለማመድ ይህን ያህል ዳገት ነው? አሠልጣኛችን የየድምፁን ቅጂ ለይቶ በቴሌግራም ይልካል። የሶፕራኖ ለብቻ፣ የቤዝ ለብቻ። ሁሉም አውራ ጣት ይለጥፋል። የሚያዳምጥ ግን የለም። መድረክ ላይ አውራ ጣታቸው ሊዘፍንላቸው ነው?

እኔ ሞኙ ከአባይ ማዶ በባጃጅ ተንቀጥቅጬ 11 ሰዓት ላይ እደርሳለሁ። ለምን? ያንኑ አንደኛ ስንኝ ለመቶኛ ጊዜ ለመስማት። ሁለተኛ ስንኝ መኖሩንም መጠራጠር ጀምሬያለሁ።

ቴኖሮቹ (ቀጭኑን የወንድ ድምፅ የሚዘፍኑት) ደግሞ ይብሳሉ። «እኛ በጆሮ ነው የምንይዘው» ይላሉ። በማን ጆሮ? በእኔ ነዋ! አጠገቤ ቆመው ዜማውን ከአፌ ላይ ይነጥቃሉ፣ ያውም ግማሽ ምት ዘግይተው። ዘፈኑ በትዝታ ቅኝት ነው። ቅኝቱ አምስት ኖታ ብቻ! እነሱ ግን ስድስተኛ ፈጥረዋል። (ባቲ ይሆን ብዬ ነበር። አይደለም። አምባሰልም አይደለም።)

አሠልጣኙስ? እንደ ልማዱ ፈገግ ብሎ «በሉ፣ ከመጀመሪያው!» አለ።

አዳራሹ ጣና ዳር ነው። በደንገል ታንኳ የሚያልፉት ዓሣ አጥማጆች እንኳ አንደኛውን ስንኝ በቃላቸው ሳይዙት አይቀሩም። እነሱን ለምን መድረክ ላይ አናወጣቸውም?