አሬስን የማያውቅ ልጅ የኢዛናን ድንጋይ እንዴት ያነባል?

ባለፈው ቅዳሜ የልጄ ትምህርት ቤት ወላጆችን ሰብስቦ ነበር። ምክትል ርዕሰ መምህሩ በቤተ መጻሕፍቱ ኮምፒውተሮች ላይ ስለ ግሪክ አማልክት የሚያወሩ ድረ ገጾች መዘጋታቸውን ነገሩን። «የጣዖት ተረት ነው፤ ከኛ ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም» አሉ። ጭብጨባም ተከተለ። እኔ ደሜ ፈላ።

እንዴት ነው የማያገናኘው? ፐርሴየስ የሚባለውን የተፍትስ ዩኒቨርሲቲ ዲጂታል ቤተ መጻሕፍት ይክፈቱ፣ አምስት ሳንቲም አይጠይቅም። የጥንቱ ግሪካዊ ባለቅኔ የሆሜር ግጥም ኦዲሲ፣ አንደኛ መጽሐፍ፣ መስመር 22። የባሕሩ አምላክ ፖሲዶን ከቦታው የለም። የት ሄደ? ኢትዮጵያውያን ዘንድ፣ መሥዋዕት ሊቀበል! የግሪክኛዋን ቃል ጠቅ ሲያደርጓት ትርጉሟና ሰዋስዋ ይወጣል። ልጄ ይህን ያየች ለት ወንበሯን ስባ አፍንጫዋ ስክሪኑን ሊነካ ደርሶ ነበር። በሌላው የሆሜር ግጥም በኢሊያድ ላይ ደግሞ የአማልክቱ ንጉሥ ዜውስ ራሱ አማልክቱን አስከትሎ ለግብዣ ወደ ኢትዮጵያውያን ይሄዳል፣ የሚመለሰውም በ12ኛው ቀን ነው።

ሆሜር የዛሬውን ካርታ ማለቱ አይደለም፣ ይሁን። አክሱምስ? የኢዛና ድንጋይ እዚያው ቆሟል፤ ግሪክኛም አለበት። በግሪክኛው ላይ ንጉሡ ራሱን የማይሸነፈው የአሬስ ልጅ ይላል። አሬስ የግሪኮች የጦርነት አምላክ ነው፤ እዚህ ላይ ግን የኛው የጥንቱ የአክሱም አምላክ ማሕረም ማለት ነው፣ ለግሪክኛ አንባቢ እንዲገባው አሬስ ተብሎ ተጻፈ። የመጀመሪያዎቹ የአክሱም ሳንቲሞችም ጽሑፋቸው ግሪክኛ ነው። ቴኦይ የሚባለው ድረ ገጽ ላይ አሬስን ቢፈልጉ የጥንት ጸሐፊዎች ስለሱ ያሉትን እየጠቀሰ፣ ማን የት እንደጻፈው ጭምር ያሳያል። በነጻ! ይህን ዘግቶ ለልጅ የአክሱም ታሪክ አስተምራለሁ ማለት ልጁን ማታለል ነው።

ጣዖት ነው ለሚሉት ደግሞ፣ ቅዱስ ባስልዮስ በ4ኛው መቶ ዘመን ወጣቶች የአረማውያኑን ግሪኮች መጻሕፍት እንዲያነቡ መክሯል፤ ንብ ከአበባ እንደምትቀስም የሚጠቅመውን ውሰዱ ብሎ። ከባስልዮስ በላይ ለሃይማኖት ተቆርቋሪ መሆን ከየት መጣ?

ልጄ ቤት ውስጥ በኔ ስልክ ታነባለች። ስማርት ስልክም ዳታም የሌላቸው የክፍሏ ልጆች ግን ያለቻቸው ያቺ የቤተ መጻሕፍት ኮምፒውተር ብቻ ነበረች። ክቡር ምክትል ርዕሰ መምህር፣ ሰኞ ጠዋት ይክፈቱላቸው።