«6 ወር ጠብቁ» የሚባለው ልክ አይደለም

ወንድሜ «የካናዳ ስፓውዛል ወርክ ፐርሚት (ካናዳ ለሚማር ወይ ለሚሠራ ሰው ባል ወይ ሚስት የሚሰጠው የሥራ ፈቃድ) ሪጀክት ከተደረገ 6 ወር ሳይሞላ ድጋሚ ማመልከት አይቻልም» ያልከው ልክ አይደለም፣ ብዙ ሰው ነው እንደዚህ የሚያወራው። ደብዳቤው ላይ ለይቶ ካልተጻፈ ነገም ማስገባት ትችላለህ። ችግሩ ቀኑ ሳይሆን ያንኑ ፋይል መልሶ መላክ ነው፣ የማመልከቻው 255 የካናዳ ዶላር ውሃ በላው ማለት ነው። ደብዳቤው ቁም ነገር ካልነገረህ፣ ካናዳ ያለችው ሚስትህ በአንተ ፈቃድ የኦፊሰሩን ኖት (ፋይልህን ያየው ሰው ለምን እንደከለከለህ የጻፈውን ማስታወሻ) ትጠይቅልህ፣ 5 ዶላር ነው። ትዳሩን ተጠራጥረው ከሆነ የሰርግ ፎቶ መደርደር ብቻውን አይበቃም፣ የተደዋወላችሁበት ብር የተላላካችሁበት አብራችሁ የነበራችሁበት ሁሉ ይግባ። ግን ከጃንዋሪ 21 ቀን 2025 ወዲህ ሕጉ ጠበቅ ብሏል፣ እሷ ተማሪ ከሆነች ፕሮግራሟ 16 ወርና ከዚያ በላይ የሆነ ማስተርስ ወይ ዶክትሬት ወይ ከተፈቀዱት የሙያ ትምህርቶች አንዱ ካልሆነ ማስረጃ ብትከምርም ዋጋ የለውም። ደግሞ ፎርሙ ላይ «ከዚህ በፊት ተከልክለህ ታውቃለህ» ሲልህ «ተከልክዬ አላውቅም» ብለህ በውሸት እንዳትሞላ፣ 5 ዓመት ከካናዳ የሚያስከለክለው እሱ ነው።