ሦስት ኮሌጅ፣ አንድ መምህር

አንድ የግል ኮሌጅ የማታ ተማሪ ሳስተምር አንድ ባልደረባ ነበረኝ። ከ11 ሰዓት በኋላ ከመገናኛ የታክሲ ሰልፍ አይጠፋም። ቦርሳውን ሲከፍት የሦስት ኮሌጅ የአቴንዳንስ ወረቀት ተደራርቦ ይታያል። አንድ ማክሰኞ ሰልፉ መሃል ቆሞ «ዛሬ የት ነበር የማስተምረው?» አለኝ። ሳቅን። አሁን ሳስበው ብዙም አያስቅም።

ሰውዬው ሰነፍ አልነበረም። የሚከፈለው ባስተማረው ሰዓት ልክ ነው። ኮንትራቱ ከሴሚስተሩ ጋር ያልቃል። ክረምት ላይ ደመወዝ የለም፣ የቤት ኪራይ ግን አለ። እንዲህ ያለ ሰው የአምናውን ሃንድአውት ለማን ብሎ ያድሳል?

በ2015 የመጀመሪያው አገር አቀፍ የመውጫ ፈተና ውጤት ሲነገር፣ ከግል ተቋማት ተፈታኞች ያለፉት 17 በመቶ ገደማ ነበሩ። ከመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች 62 በመቶ ገደማ አልፈዋል። ሁሉንም በመምህራን ማመካኘት ልክ አይሆንም። የተሻለ ነጥብ ያለው ተማሪ በብዛት የሚገባው መንግሥት ጋ ነው። ከግሉ ተማሪ ብዙው ቀን ሠርቶ፣ ማታ ደክሞት ነው ክፍል የሚገባው። ቢሆንም «ከመምህሮቻችን ዓመት የቆየው ስንቱ ነው?» ብሎ የጠየቀ ባለቤት እኔ አልገጠመኝም።

እኛ ጋ የመጣው መፍትሔ የአሻራ ማሽን ነበር። ጠዋት አሻራ፣ ማታ አሻራ። ሰው ግን ሥራውን የማይለቀው ወዶትም ሊሆን ይችላል፣ ይሉኝታ ይዞትም፣ ሌላ አጥቶም። ማሽኑ ላይ ሦስቱም በሰዓታቸው ገብተዋል።

ወዶ የሚሠራ ሰው ምን እንደሚመስል ያየሁት ሬጅስትራር ነው። አንዲት ሠራተኛ ነበረች። ግሬዱ ያልገባለት ተማሪ ሲመጣ «ነገ ና» አትልም። ስልኳን አንስታ መምህሩ ጋ ትደውላለች፣ እኔ ጋም ደውላ ታውቃለች፣ ያውም ቅዳሜ ምሳ ሰዓት ላይ። ወረቀቱ እስኪገባ አትለቅህም። ይህን አድርጊ ብሎ ያዘዛት የለም።

ባለቤቶቹ «ብናሠለጥነውም ኤንጂኦ ይወስደዋል» ይላሉ። እውነት አላቸው፣ ይወስደዋል። በደመወዝ መወዳደርም ከባድ ነው። ግን ክረምትን የሚያካትት ኮንትራት፣ በቀኑ የሚገባ ደመወዝ፣ አንድ ጠረጴዛና ወንበር ያን ያህል የሚያከስሩ አይመስለኝም። ለመውጫ ፈተና ቲቶሪያል ስጡ ሲባል ክፍያው «በኋላ እናያለን» ከሆነ፣ መምህሩም ዝግጅቱን በኋላ ያየዋል።

የሬጅስትራሯ ሠራተኛ አምና ለቀቀች። ሦስት ዓመት ደመወዝ አልጨመሩላትም ነበር። በቀደም የድሮ ተማሪዬ ደወለልኝ። የአንድ ኮርስ ግሬዱ ሳይገባ አምስት ወር ሆኖታል። በሄደ ቁጥር «ነገ ና» ይሉታል።