የጽኑ ሕሙማንን ስኳር ከ110 በታች ለማውረድ ምን አስቸኮለ?

ሰሞኑን በአንድ የሕክምና ውይይት ላይ አንድ አንጋፋ ሐኪም «ጽኑ ሕሙማን ክፍል የተኛ ሰው ስኳሩ ከ110 ካለፈ ቸልተኝነት ነው» አሉ (የስኳር ቁጥሮቹ ሁሉ በአንድ ዴሲሊትር ደም ውስጥ ያለ ሚሊግራም ናቸው)። ተጨበጨበላቸው። እኔን ያናደደኝ ጭብጨባው ነው።

ማስረጃቸው «ስኳራቸው ከፍ ያለ ሕሙማን በብዛት ይሞታሉ» የሚል ነው። ይሞታሉ እንጂ! ሰውነት ክፉኛ ሲታወክ ኮርቲሶልና አድሬናሊን የተባሉ የጭንቀት ሆርሞኖችን ያመነጫል፣ ጉበት ስኳር ይለቃል፣ ኢንሱሊንም አቅም ያጣል። ሕመሙ በጠና ቁጥር ስኳሩ ይወጣል። ጭሱን እፍ በማለት እሳት ጠፍቶ ያውቃል?

ስኳርን በኢንሱሊን እስከ 110 ያወረደው የ2001ዱ የቤልጂየም ሉቨን ጥናት በጽኑ ሕሙማን ክፍሉ ውስጥ የሚደርሰውን ሞት ከ8 ወደ 4.6 በመቶ ማውረዱ እውነት ነው። ግን የአንድ ሆስፒታል ጥናት ነበር፤ ሕሙማኑ የቀዶ ሕክምና ነበሩ፣ ግሉኮስም ገና ከጅምሩ በደም ሥር ይሰጣቸው ነበር። በ2009 ናይስ ሹገር የተባለው ዓለም አቀፍ ጥናት ከ6,000 በላይ ሕሙማን ላይ ሲሞክረው፣ ከ81 እስከ 108 እንዲያዙ ከተደረጉት 27.5 በመቶው በ90 ቀን ውስጥ ሞቱ። እስከ 180 ከተፈቀደላቸው የሞቱት 24.9 በመቶ ናቸው።

ስኳር ማነሱንስ ማን አነሳው? በዚያው ጥናት ስኳራቸው 40 እና ከዚያ በታች የወረደባቸው 6.8 በመቶ ሲሆኑ፣ እስከ 180 በተፈቀደላቸው ወገን 0.5 በመቶ ብቻ ነበሩ። ነቅቶ የሚያወራ ሰው ስኳሩ ሲወርድ ያልበዋል፣ ይንቀጠቀጣል፣ «ራበኝ» ይላል። በመድኃኒት ተኝቶ በማሽን የሚተነፍሰው ምን ይበል? ለሲቲ ስካን ሲወሰድ በቱቦ የሚገባው ምግብ ይቆማል፣ የኢንሱሊኑ ፓምፕ ግን መንጠብጠቡን ይቀጥላል። ነርሷ ተመልሳ ጣቱን ትወጋለች፤ ጣቱ አብጧል፣ ደም ግፊቱ ወርዷል፣ ደም ማነስም አለበት። መለኪያው በእንዲህ ያለ ሰው ላይ ከእውነተኛው ከፍ አድርጎ ሊያነብ ይችላል። እሷም ያየችውን አምና ኢንሱሊን ትጨምራለች። አንጎሉ የሚጎዳው ማንም ሳያውቅ ነው።

ስኳሩ 250 ይሁን ያለ የለም። በ2021 የወጣው ዓለም አቀፍ የሴፕሲስ (ኢንፌክሽን የሚያስከትለው ለሕይወት አስጊ የአካል ክፍሎች ጉዳት) መመሪያ 180 ሲደርስ ኢንሱሊን ጀምሩ፣ ከ144 እስከ 180 ያዙ ይላል።

«አሁን እኮ ኮምፒውተር ይቆጣጠረዋል» የሚሉም አልጠፉም። በ2023 የሉቨን ተመራማሪዎች ራሳቸው ከ9,000 በላይ ሕሙማን ላይ በኮምፒውተር ስሌት ሞከሩት። ስኳር ማነሱ ብርቅ ሆነ፤ ሞትም አልቀነሰም፣ በክፍሉ የሚቆዩበት ጊዜም አላጠረም። ሐሳቡን የወለዱት ያላገኙትን ጥቅም አንጋፋው ሐኪም ከየት አመጡት?