ንጉሡን ሠ በየቦታው የምትሰነቅሩ ሆይ!

ሞክሼ ፊደላት ይቅሩ፣ ሁሉም በሰ፣ በአ፣ በሀ ይጻፍ ከሚል ሰው ጋር ጠብ የለኝም። ቢያንስ አጻጻፉ ወጥ ነው። የኔ ብሶት የተማረ ለመምሰል ሲል ቀላሉን ፊደል ትቶ ከበድ ያለ የመሰለውን ከሚሰነቅረው ጋር ነው።

የየቢሮውን በር ማስታወቂያ እስቲ ልብ ብላችሁ አንብቡት፦ «የሥራ ሠዓት ከሠኞ እስከ ዐርብ»። ሥራ ልክ ነው። ዐርብም ልክ ነው። «ሠዓት» እና «ሠኞ» ግን ከየት መጡ? ግዕዙ ሰዓት ነው፤ ሰኞም ከሰኑይ የመጣ ነው። ሰው፣ ሰላም፣ ሳምንት፣ ሁሉም በእሳቱ ሰ ነው የሚጻፉት። ሰውዬው «ሥራ» ላይ ስለተሳካለት ያገኘውን ሁሉ አነገሠው!

ከሁሉ የሚብሰው «ትዕዛዝ» ነው። ትዕግሥትና ትዕቢት በዐይኑ ዐ ሲጻፉ አይተው ይቺንም አብረው ጎተቷት። ግሱ እኮ አዘዘ ነው፣ በአልፋው አ፤ ስለዚህ ትእዛዝ። «ተዓምር» ሳይሆን ተአምር። እግዚእ ብለን «እግዚዓብሔር» ምን ማለት ነው? ከጸሎቱ ጸ ጋር ያለው ጉድ ደግሞ ለብቻው ነው፤ የፊደሉ መጠሪያ ራሱ ጸሎት ሆኖ ሳለ «ፀሎት» ብሎ የሚለጥፍ አለ።

ፈረንጅም አላመለጠም። እንግሊዞች ደሴት የሚሉበት ቃል (island) መካከሉ ላይ የማይነበብ ኤስ አለ። ቃሉ የራሳቸው የጥንት ቃል ነው፤ ኤሷን ያስገቡት ከፈረንሳይኛ የመጣ ሌላ ቃል ስለመሰላቸው ነው። እነሱ ግን አንዴ ከተሳሳቱ ወዲያ ሁሉም አንድ ዓይነት ይጽፉታል። እኛ ዘንድ አንዱ ገጽ ላይ ሁለት ዓይነት ሰላም አለ።

ማጣራት ደግሞ ያን ያህል አይከብድም። አ ነው ዐ ለሚለው ትግርኛ የሚናገር ሰው ጠይቁ፤ ጉሮሮው ይለየዋል። አዲስን «ዓዲስ» የምትሉ፣ ትግርኛው ሓዲሽ፣ ግዕዙም ሐዲስ ነው፤ ዐ የሚባል በአጠገቡ አላለፈም። ለጸ እና ለፀ ግን ትግርኛም አይረዳችሁም፣ ድምፁ እዚያም አንድ ሆኗል። ዓረብኛ የሚያነብ ፈልጉ፦ ጾምና ጸሎት እዚያ በሷድ ይጻፋሉ፣ የፀሐይ ዘመድ የሆነው ዱሓ (ረፋድ) በዷድ። የምትጠይቁት ካጣችሁ ቀላሉን ፊደል ጻፉ፤ «ስራ» ብሎ የጻፈን ማንም አይታዘበውም።

«ድምፁ አንድ ከሆነ ምን ቸገረህ?» የሚለኝ አይጠፋም። ለጆሮ አንድ ነው፣ ለኮምፒውተር ግን አይደለም። ኮምፒውተር ለየፊደሉ በሚሰጠው መለያ፣ በዩኒኮድ፣ ሠ 1220፣ ሰ 1230 ነው፤ ማሽኑ ዝምድናቸውን አያውቅም። ስሟን «ሠላማዊት» ብለው የመዘገቧት ልጅ መስኮቱ ጋ ቆማ «ሰላማዊት» ተብሎ ሲፈለግ የለችም። መታወቂያው በአንዱ፣ የባንክ ደብተሩ በሌላው ከሆነማ ያው «ስም አይመሳሰልም፣ አስተካክለሽ ነይ» ነው። አንዲት ፊደል ላስጌጥ ያለው ጸሐፊ ደግሞ ያን ቀን ፈቃድ ላይ ነው!